አድሚራል ግሬስ ሆፐርና የፕሮግራም ምንጭ

በመንዝ ደጋና በአካባቢው የኖረ ሰው የብርዱን ጽናት ያውቀዋል። ስለዚህ ከበግ ጠጉር የሚሠሩት ባናና በርኖስ ለአገሩ ሰው ጌጥ ብቻ ሳይሆኑ የኑሮው አጋዦች ናቸው። እነዚህን ልብሶች ለማግኘት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ገበያ ወጥቶ ተሠርቶ ያለቀውን መግዛት ነው፤ ገዢውም ቢያጥረውም ቢሰፋውም እንዳገኘው ለብሶት ይሄዳል። ሁለተኛው መንገድ የበጉን ጠጉር ሸልቶ፣ አጥቦ፣ ነድፎና ፈትሎ ለሸማኔ በመስጠት በራስ ቁመትና ትከሻ ልክ ማሠራት ነው። ይህኛው ጊዜና ድካም ይጠይቃል። ነገር ግን ባለቤቱ ልብሱ ከምን እንደ ተሠራ ያውቃል፤ በተቀደደም ጊዜ በየትኛው ክር እንደሚጠገን አይጠፋውም።

የኮምፒዩተር ፕሮግራምም እንዲሁ በሁለት መልክ ይገኛል። ባለሙያው በቃላትና በምልክቶች የጻፈው፣ ሌላም ባለሙያ አንብቦ ሊረዳው የሚችለው ጽሑፍ ሶርስ ኮድ ይባላል፤ እኛም በዚህ ጽሑፍ የፕሮግራም ምንጭ እንለዋለን። ሁለተኛው መልክ ኮምፒዩተሩ ብቻ የሚያውቀው ረጅም የዜሮና የአንድ ሰልፍ ነው። ከነጋዴ የሚገዛው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ሁለተኛው፣ ተሠርቶ ያለቀው ነው። ምንጩን ያገኘ ሰው ግን ፕሮግራሙን በራሱ ኮምፒዩተር ላይ ከመሠረቱ ሠርቶ ሊተክለው ይችላል። ምንጩን ወደ መሣሪያው ቋንቋ የሚለውጠው፣ የፈታዩንና የሸማኔውን ሥራ አጣምሮ የያዘው፣ ኮምፓይለር የሚባል ፕሮግራም ነው። ይህን ሐሳብ በሥራ ላይ ካዋሉት ሰዎች ግንባር ቀደሟ አሜሪካዊቱ የሒሳብ ሊቅና የባሕር ኃይል መኰንን ግሬስ ሆፐር ነበሩ። ዛሬ የእኒህን ሴት የሕይወት ታሪክ ለአንባብያን በአጭሩ ልናቀርብ አስበናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ግሬስ ብሩስተር መሪ በዲሴምበር 9 ቀን 1906 በኒውዮርክ ከተማ ተወለዱ። ከሦስት ልጆች የበኵሯ እሳቸው ነበሩ። አባታቸው ዋልተር መሪ በኢንሹራንስ ሥራ ይተዳደሩ ነበር፤ እናታቸው ሜሪ ቫን ሆርን ደግሞ የሒሳብ ትምህርት ፍቅር ያደረባቸው ሴት ነበሩ። ከቅድመ አያቶቻቸውም አንዱ በአሜሪካ የባሕር ኃይል ውስጥ እስከ አድሚራልነት ማዕርግ የደረሱ ነበሩ።

ግሬስ የ7 ዓመት ልጅ ሳሉ፣ ቤተ ሰቡ የበጋውን ዕረፍት በሚያሳልፍበት ቤት ውስጥ የነበረውን የደወል ሰዓት፣ ውስጡ እንዴት እንደሚሠራ ለማየት ብለው ፈቱት። መልሰው መግጠም ባቃታቸው ጊዜ ነገሩ እንዲገባቸው ሁለተኛውን ሰዓት ፈቱ፤ ከዚያም ሦስተኛውን። እናታቸው በደረሱ ጊዜ በቤቱ ያሉት 7 ሰዓቶች በሙሉ ተበታትነው ተገኙ። እናትየዋ ግን ልጃቸውን ከመቅጣት ይልቅ፣ ከዚያ ወዲያ መፍታት የሚቻላቸው አንዱን ሰዓት ብቻ እንዲሆን ወሰኑ። ተዘግቶ የቀረበላቸውን ነገር ከፍቶ የማየት ጠባይ እስከ ዕድሜያቸው መጨረሻ አልተለያቸውም።

አባታቸው በደም ሥር ሕመም ምክንያት ሁለት እግሮቻቸውን አጥተው ነበር። ነገ የሚሆነው አይታወቅምና፣ ሴቶች ልጆቻቸውም ከወንድ ልጃቸው ባላነሰ ተምረው ራሳቸውን እንዲችሉ አጥብቀው ይሹ ነበር። ግሬስ በ16 ዓመታቸው ቫሳር ወደሚባለው የሴቶች ኮሌጅ ለመግባት ቢያመለክቱ በላቲን ቋንቋ ያገኙት ውጤት ዝቅተኛ ስለ ነበረ ተመለሱ። በሚቀጥለው ዓመት ግን ገቡ፤ በ1928ም በሒሳብና በፊዚክስ ተመረቁ። ከዚያም በዬል ዩኒቨርሲቲ በ1930 የማስትሬት፣ በ1934 ደግሞ በሒሳብ የዶክትሬት ማዕርግ ተቀበሉ። በ1930 ቪንሰንት ሆፐር የሚባሉትን መምህር አግብተው ነበር፤ ትዳሩ በ1945 በፍች ቢያበቃም ስሙ እስከ መጨረሻው መጠሪያቸው ሆኖ ቀረ።

ከ1931 ጀምሮ በቫሳር ኮሌጅ ሒሳብ አስተማሩ። በዚያም ከሌሎች የሒሳብ መምህራን የሚለዩበት ነገር ነበራቸው። ተማሪዎቻቸው ስሌቱን ማግኘታቸው ብቻ አይበቃቸውም ነበር፤ ያገኙትን በግልጥ ቋንቋ ጽፈው ማስረዳት ይገባቸዋል እያሉ ድርሰት ያጽፏቸው ነበር። ለሌላ ሰው ሊገለጥ የማይችል ዕውቀት እምብዛም አይጠቅምም የሚል እምነታቸው ከዚህ ዘመን የጀመረ ነው።

ወደ ባሕር ኃይል መግባታቸው

አሜሪካ በ1941 መጨረሻ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በገባች ጊዜ ግሬስ ሆፐር አገራቸውን በባሕር ኃይል ለማገልገል ተነሡ። ይሁን እንጂ ሁለት ነገር አገዳቸው። ዕድሜያቸው ከተወሰነው አልፎ ነበር፤ ክብደታቸውም ለቁመታቸው ከተደነገገው 7 ኪሎ ግራም ያህል ያንስ ነበር። እሳቸው ግን ልዩ ፈቃድ ጠይቀው አገኙና በዲሴምበር 1943 ወደ ባሕር ኃይሉ የሴቶች ተጠባባቂ ክፍል ገቡ። በ1944 የመኰንንነት ትምህርታቸውን ከክፍሉ አንደኛ ሆነው ጨረሱ፤ ወዲያውም ወደ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ታዘው ከፕሮፌሰር ሃዋርድ አይከን ዘንድ ደረሱ።

በዚያ ይጠብቃቸው የነበረው ማርክ 1 የሚባለው የሒሳብ መኪና ነበር። ርዝመቱ ከ15 ሜትር በላይ፣ ክብደቱ ከ4 ቶን በላይ ሲሆን፣ ከ700,000 በላይ ክፍሎችና 800 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቦ ነበሩበት። ይህ ሁሉ ሆኖ በአንድ ሴኮንድ የሚሠራው 3 መደመር ብቻ ነበር፤ አንድ ማባዛት 6 ሴኮንድ ይፈጅበታል። ትእዛዙን የሚቀበለው በቀዳዳ ከተበሳ የወረቀት ጥብጣብ ነው። ፕሮግራም ጸሐፊው እያንዳንዱን ትእዛዝ በቁጥር ለይቶ፣ በጥብጣቡ ላይ አስበስቶ፣ ለመኪናው ያቀርባል። ግሬስ ሆፐር ከመጀመሪያዎቹ የዚህ መኪና ፕሮግራም ጸሐፊዎች አንዷ ሆኑ፤ ከ500 ገጽ በላይ ያለውንና በ1946 የታተመውን የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍም በብዛት የጻፉት እሳቸው ናቸው።

ለኋላ ሥራቸው ምክንያት የሆነው ችግር የተገለጠላቸው በዚህ ቦታ ነው። እሳቸውና ጓደኞቻቸው ደጋግመው የሚያስፈልጓቸው ስሌቶች ነበሩ። አንዱ ባልደረባ አንድ ጊዜ ትክክል መሆኑን ያረጋገጠውን የትእዛዝ ሰልፍ በደብተሩ ይይዘዋል፤ ሌላው በፈለገው ጊዜ ደብተሩን ተውሶ ይገለብጠዋል። ነገር ግን ሰው ሲገለብጥ ይሳሳታል፤ አድራሻዎቹንም ለአዲሱ ፕሮግራም እንዲስማሙ አድርጎ ሲደምር ይሳሳታል። ደመናውን ያህል መኪና ከፊታቸው ቆሞ፣ የተማሩ ሰዎች ቀኑን ሙሉ ቁጥር ሲገለብጡና ሲያርሙ ይውሉ ነበር። ግሬስ ሆፐርም መገልበጥና መደመር የመኪና ሥራ ከሆነ ይህንኑ ለምን መኪናው ራሱ አይሠራውም የሚል ጥያቄ አደረባቸው።

የዚያ ቤት አንድ ሌላ ታሪክ በዓለም ታውቋል። በሴፕቴምበር 1947 ማርክ 2 የሚባለው ተከታይ መኪና በተበላሸ ጊዜ፣ ሠራተኞቹ ከማብሪያ ማጥፊያዎቹ በአንዱ መካከል የሞተች የእሳት እራት አገኙ፤ አውጥተውም በሥራው መዝገብ ላይ ለጠፏት። የፕሮግራም ስሕተት በእንግሊዝኛ በተባይ ስም የተጠራው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ይሁን እንጂ መሐንዲሶች ቃሉን ከዚያ አስቀድሞ ይገለገሉበት ነበር፤ ነፍሳቷንም ያገኟት ግሬስ ሆፐር አልነበሩም። እሳቸው ታሪኩን በየጉባኤው እየተረኩ አሳወቁት እንጂ።

የመጀመሪያው ኮምፓይለር

ጦርነቱ ካለቀ በኋላ በመደበኛው የባሕር ኃይል ለመቅጠር ቢለምኑ በዕድሜያቸው ምክንያት አልተፈቀደላቸውም፤ በተጠባባቂነት ብቻ ቀሩ። በሃርቫርድ የነበራቸው የሥራ ውልም በ1949 አበቃ። እነዚያ ዓመታት የከበዷቸው ነበሩ፤ በመጠጥ ይጐዱ እንደ ነበረም የሕይወት ታሪካቸውን የጻፉ ሰዎች ሳይሸሽጉ አስፍረዋል። ከዚህ ችግር የወጡት በሥራቸው ላይ በመበርታትና በወዳጆቻቸው እርዳታ ነው። በ1949 በፊላዴልፊያ ከተማ ወደ ነበረው ወደ ኤከርትና ሞክሊ የኮምፒዩተር ኩባንያ ገቡ። ኩባንያው ዩኒቫክ የሚባለውን ለንግድ የሚሸጥ ኮምፒዩተር ይሠራ ነበር፤ በ1950ም ሬሚንግተን ራንድ ገዛው።

ግሬስ ሆፐር በሃርቫርድ ያደረባቸውን ጥያቄ በዚህ ቦታ መለሱት። የተረጋገጡትን ንዑስ ፕሮግራሞች ሰብስበው በማግኔት ጥብጣብ ላይ አኖሩ፤ ለእያንዳንዱም መጠሪያ ቁጥር ሰጡት። ፕሮግራም ጸሐፊው ከዚያ ወዲያ የሚፈልጋቸውን ንዑስ ፕሮግራሞች ቁጥር በተራ መጻፍ ብቻ ሆነ ሥራው። ኮምፒዩተሩ ዝርዝሩን አንብቦ፣ እያንዳንዱን ከጥብጣቡ ፈልጎ አውጥቶ፣ አድራሻውን አስተካክሎ፣ ሁሉንም አያይዞ አንድ ሙሉ ፕሮግራም ያወጣል። ይህም ሥርዓት ኤ ዜሮ ተባለ፤ በ1952ም ስለዚሁ ለባለሙያዎች ጉባኤ ጽሑፍ አቀረቡ። ዛሬ በምናውቀው ቋንቋ ከተናገርን፣ ኤ ዜሮ የነበረው ከኮምፓይለር ይልቅ ንዑስ ፕሮግራሞችን አገናኝቶ ለሚያያይዘው ለሊንከር የቀረበ ነበር። ቢሆንም ፕሮግራምን በፕሮግራም የመሥራት መንገድ የተከፈተው በዚህ ነው።

እንግዲህ አዲስ ሐሳብ ይዞ የተነሣ ሰው የሚደርስበት ደረሰባቸው። ኮምፒዩተር ሒሳብ ብቻ እንጂ ፕሮግራም ሊጽፍ አይችልም ተባሉ። የሚሠራ ኮምፓይለር በእጃቸው ይዘው ሳለ የሚነካው ሰው ጠፋ። ከተቃዋሚዎቹ መካከል የፕሮግራም ጸሐፊዎቹም ነበሩበት፤ ጥበቡ በጥቂቶች እጅ ብቻ ተይዞ መክበሩን የወደዱ ሰዎች፣ ማንም ሊጽፈው የሚችል ነገር መሆኑን በበጎ ዓይን አላዩትም። ግሬስ ሆፐር ግን አልተቀየሙም፤ በየመሥሪያ ቤቱና በየጉባኤው እየዞሩ ሥራውን አሳዩ እንጂ።

ከዚህ ቀጥሎ ያደረጉት ነገር ለርእሳችን ዋነኛው ነው። ኤ 2 የሚባለው የተሻሻለው ሥርዓታቸው በ1953 ተሠርቶ በዚያው ዓመት መጨረሻ ለዩኒቫክ ደንበኞች ሲሰጥ፣ የፕሮግራሙ ምንጭ አብሮ ተሰጠ። ደንበኞቹም አንብበው፣ ለየሥራቸው እንዲስማማ አድርገው፣ ያሻሻሉት ነገር ቢኖር መልሰው ለኩባንያው እንዲልኩ ተጋበዙ። በዚህ አኳኋን በአንዱ ቢሮ የተገኘው እርማት ለሌላው ደረሰ። የፕሮግራም ምንጭ በነፃ ይከፈት የሚለው እንቅስቃሴ ስም አግኝቶ ከመደራጀቱ ከ30 ዓመት በፊት የተደረገ መሆኑን ስናስብ፣ ነገሩ እጅግ ያስደንቃል። በሃርቫርድ ደብተር ይዋዋሱ የነበሩት ሰዎች ልማድ፣ ስፋት አግኝቶ በአገር ደረጃ ሥራ ላይ ዋለ ማለት ነው።

ቋንቋውን ለሁሉ መክፈት

ግሬስ ሆፐር በዚህ አላቆሙም። የንግድ ቤትና የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች የሒሳብ ምልክት እንደማይወዱ ተመልክተው፣ ፕሮግራም በተራ የእንግሊዝኛ ቃላት ይጻፍ የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ኮምፒዩተር እንግሊዝኛ አይገባውም ተብለው እንደገና ተመለሱ። በ1955 ለአለቆቻቸው አንድ ትንሽ ፕሮግራም በእንግሊዝኛ ቃላት ጽፈው አሳዩ፤ ቀጥለውም ያንኑ በፈረንሳይኛና በጀርመንኛ ቃላት አሳዩ። ለመሣሪያው ቃሉ የምልክት ሰልፍ ብቻ ስለ ሆነ፣ አንዱን ሰልፍ በሌላው መተካት ቀላል መሆኑን ማስረዳታቸው ነበር። አለቆቹ ግን በአሜሪካ የተሠራ መኪና የባዕድ ቋንቋ መናገሩን እንደ ነውር ቈጥረው ደነገጡ፤ በእንግሊዝኛ ብቻ የሚሠራ መሆኑን ለማሳመን ወራት ፈጀ። የሆነው ሆኖ ፍሎውማቲክ የተባለው ይህ ቋንቋ ተሠርቶ ለደንበኞች ደረሰ።

በ1959 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ የኮምፒዩተር ኩባንያዎችና የተጠቃሚዎች ተወካዮች በፔንታጎን ተሰብስበው፣ በማንኛውም ኩባንያ ኮምፒዩተር ሊሠራ የሚችል አንድ የጋራ የንግድ ቋንቋ እንዲዘጋጅ ወሰኑ። ኮቦል የተባለው ቋንቋ የተወለደው ከዚህ ስብሰባ ነው። የብዙ ሰዎች ሥራ ቢሆንም አብዛኛው መሠረቱ የተወሰደው ከፍሎውማቲክ ነበር፤ ግሬስ ሆፐርም በአማካሪነት ረዱ።

ነገሩ በቃል ብቻ እንዳይቀር በዲሴምበር 1960 ፈተና ተደረገ። አንዱ የኮቦል ምንጭ ተወስዶ በሁለት ልዩ ልዩ ኮምፒዩተሮች ላይ ተሠራ። አንዱ የአር ሲ ኤ ኩባንያ 501 ሲሆን፣ ሁለተኛው የሬሚንግተን ራንድ ዩኒቫክ 2 ነበር። ሁለቱ መሣሪያዎች በውስጣቸው ምንም የማይመሳሰሉ ሲሆኑ አንዱ ምንጭ በሁለቱም ላይ ሠራ። ከዚያ በፊት ኮምፒዩተር የለወጠ መሥሪያ ቤት ፕሮግራሙን ሁሉ እንደገና ማጻፍ ነበረበት፤ ስለዚህ ከሻጩ እጅ መውጣት አይችልም ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ምንጩን የያዘ ሰው መሣሪያውን ሊለውጥ የሚችል መሆኑ በገሃድ ታየ።

ዛሬ ከምንጭ እንዴት ይሠራል

አሁን የሕይወት ታሪኩን ለጥቂት ጊዜ ገታ አድርገን፣ አንድ ሰው ዛሬ ፕሮግራምን ከምንጩ ሠርቶ ለመትከል ሲነሣ የሚሄድበትን መንገድ እንመልከት። በመጀመሪያ የምንጩን ጥቅል ከባለቤቶቹ ማከማቻ ያወርዳል፤ በመንገድ ያልተነካ መሆኑንም ባለቤቶቹ ካወጡት የማረጋገጫ ቁጥር ጋር ያስተያያል። ጥቅሉን ከፈታ በኋላ አብሮ የመጣውን መመሪያ ያነባል። ብዙ ጀማሪዎች ይህን ንባብ ዘለው ግማሽ ቀን ይደክማሉ።

ሁለተኛው ደረጃ ዝግጅት ነው። ከምንጩ ጋር የመጣ አንድ አነስተኛ ፕሮግራም ኮምፒዩተሩን ይመረምራል፤ ኮምፓይለር አለው ወይ፣ ሥራው የሚደገፍባቸው ሌሎች ንዑስ ፕሮግራሞች ተሟልተዋል ወይ ብሎ ይጠይቃል። የጐደለ ቢኖር ስሙን ጠርቶ ይቆማል። ሦስተኛው ደረጃ ሥራው ራሱ ነው። ስቱዋርት ፌልድማን በ1976 በቤል ላቦራቶሪ የሠሩት ሜክ የተባለው ፕሮግራም፣ የትኛው ክፍል ከየትኛው በፊት መሠራት እንደሚገባው ከዝርዝር አንብቦ ኮምፓይለሩን በተራ በተራ ይጠራዋል። ኮምፓይለሩ እያንዳንዱን ክፍል ወደ መሣሪያው ቋንቋ ይለውጣል፤ ሊንከሩ ደግሞ፣ ልክ ኤ ዜሮ ያደርግ እንደ ነበረው፣ ክፍሎቹን አያይዞ አንድ ያደርጋቸዋል። አራተኛው ደረጃ መትከል ነው፤ ያለቀው ፕሮግራም የኮምፒዩተሩ ተጠቃሚዎች ሁሉ ሊያገኙት ወደሚችሉበት ቦታ ይገለበጣል። ፕሮግራሙን ለሁሉ ለመትከል የአስተዳዳሪ ሥልጣን ያስፈልጋል፤ ለማዘጋጀትና ለመሥራት ግን ተራው ተጠቃሚ ይበቃል።

በመካከል ስሕተት ሲወጣ የሚደናገጥ ብዙ ነው። ኮምፓይለሩ ግን ስሕተቱ በየትኛው ፋይል፣ በስንተኛው መስመር እንደ ሆነ ይናገራል። ብዙ መስመር ስሕተት ቢዘረዝር ከመጀመሪያው መጀመር ይገባል፤ የኋለኞቹ አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ልጆች ናቸውና።

ሁሉም ሰው ሁሉንም ነገር ከምንጩ ይሥራ ማለታችን አይደለም። ሌሎች ሠርተው ያዘጋጁትን ጥቅል መትከል ለዕለት ሥራ ይበቃል፤ ጊዜም ያተርፋል። ነገር ግን ምንጩ ክፍት ሆኖ መገኘቱ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ምን ያህል እንደ ጠቀመ አንድ ምሳሌ እንስጥ። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ፊደላችንን ወደ ኮምፒዩተር ለማስገባት በአገር ውስጥም በውጭም ብዙ ሰዎች ደክመዋል። ግን እያንዳንዱ ሥርዓት ለፊደላቱ የራሱን ቁጥር ስለ ሰጠ፣ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ይሆን ነበር። የግዕዝ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የፊደላት ሠንጠረዥ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው አንድ የጋራ ቁጥር ያገኘው። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1997፣ ምንጩ ለሁሉ ክፍት የሆነው ኢማክስ የሚባለው የጽሑፍ ፕሮግራም በግዕዝ ፊደል እንዲጽፍ ሆኖ ወጥቶ ነበር፤ ይህን የሠሩት በጃፓን የሚገኙ ተመራማሪዎች ናቸው። ምንጩ ክፍት ስለ ነበረ የአማርኛ ገበያ ያዋጣል ወይስ አያዋጣም ብሎ የሚያሰላ ነጋዴ ፈቃድ አላስፈለጋቸውም። ግሬስ ሆፐር በ1955 ለአለቆቻቸው ያስረዱት ነገር፣ ማለትም ለመሣሪያው ሁሉም ቋንቋ እኩል መሆኑ፣ በእኛም ፊደል ተረጋገጠ።

የመጨረሻው ዘመን

ወደ ታሪኩ እንመለስ። ግሬስ ሆፐር በ1966 መጨረሻ በ60 ዓመታቸው ከባሕር ኃይሉ ተጠባባቂነት በጡረታ ተሰናበቱ። ያን ቀን በሕይወታቸው ካሳለፉት ሁሉ የከፋ አድርገው ቈጥረውት ነበር። ነገር ግን 8 ወር እንኳ ሳይሞላ፣ በኦገስት 1967፣ ባሕር ኃይሉ ለ6 ወር ያህል ብቻ ተመልሰው እንዲረዱት ጠራቸው። ምክንያቱ በየመሥሪያ ቤቱ የኮቦል አሠራር እየተለያየ በመሄዱ ነበር። ስሙ አንድ ሆኖ ሳለ የአንዱ ኩባንያ ኮምፓይለር የሚቀበለውን ምንጭ የሌላው አልቀበልም ይል ነበር። እሳቸውም ኮምፓይለሮች በእርግጥ ደንቡን መጠበቃቸውን የሚመረምሩ የፈተና ፕሮግራሞች እንዲዘጋጁ አደረጉ፤ ፈተናውን ያላለፈውን ኩባንያ በስሙ ብቻ ማመን ቀረ። የ6 ወሩ አገልግሎት 19 ዓመት ሆነ።

በ1973 የካፕቴን፣ በ1983 የኮሞዶር ማዕርግ ተሰጣቸው፤ በ1985ም ማዕርጉ ወደ ሪር አድሚራልነት ተለወጠ። በእነዚህ ዓመታት በየትምህርት ቤቱና በየጦር ሰፈሩ እየዞሩ ለወጣቶች ያስተምሩ ነበር። 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያላቸው ሽቦዎች አስቈርጠው ለአድማጮቻቸው ያድሉ ነበር፤ ይኸውም ብርሃን በአንድ ሴኮንድ ቢሊዮንኛ ክፍል የሚሄደው ርቀት ነው። የማይታየውን የኮምፒዩተር ጊዜ በእጅ የሚያዝ አደረጉት። በቢሯቸው ግድግዳ ላይ ደግሞ ወደ ኋላ የሚዞር ሰዓት ሰቅለው ነበር። ሰዓቱ በትክክል ይቈጥራል፤ የሚዞረው ብቻ በተቃራኒው ነው። አንድ ነገር ሁልጊዜ እንዲህ ሲሠራ ስለ ኖረ ብቻ እንዲህ መሠራት አለበት የሚለውን ሐሳብ አጥብቀው ይጠሉት ስለ ነበረ፣ ሰዓቱ ለጐብኚዎች ይህንኑ እንዲናገርላቸው ነው።

በኦገስት 14 ቀን 1986፣ ዕድሜያቸው 79 ሲሆን፣ በቦስተን ወደብ ኮንስቲቲዩሽን በምትባለው ጥንታዊ የጦር መርከብ ላይ በተደረገ ሥነ ሥርዓት ከባሕር ኃይሉ ተሰናበቱ። ከዚያ በኋላም ዲጂታል ኢኩዊፕመንት በተባለው የኮምፒዩተር ኩባንያ በአማካሪነት ሠርተዋል። በጃንዋሪ 1 ቀን 1992 በቨርጂኒያ ክፍለ ሀገር በአርሊንግተን ዐረፉ፤ በዚያው በብሔራዊው መካነ መቃብርም በወታደራዊ ክብር ተቀበሩ። ከማረፋቸው 4 ወር ያህል በፊት፣ በሴፕቴምበር 1991፣ ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሊኑክስን ምንጭ ለሁሉ አውጥቶ ነበር። በ1997 ሆፐር የሚል ስም የተሰጣት የጦር መርከብ ሥራ ጀመረች፤ በ2016ም የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪሎች ከሚሰጣቸው ከፍተኛ ሽልማቶች አንዱ የሆነው የፕሬዚዳንቱ የነፃነት ሜዳልያ ለመታሰቢያቸው ተሰጠ።

ከዚህ ታሪክ ለተማሪዎችና በየመሥሪያ ቤቱ ሥራ ለጀመሩ ወጣቶች የሚጠቅም አንድ ነገር አለ ብለን እናምናለን። አንድ ቢሮ ለደመወዝ፣ ለመዝገብ ቤት ወይም ለግምጃ ቤት ሥራ ፕሮግራም ሲያሠራ፣ ዓይኑ የሚያርፈው በዋጋውና በመስኮቱ ማማር ላይ ነው። ሻጩ ሥራውን ለቆ የሄደ ዕለት፣ ወይም አንድ የግብር ደንብ ተለውጦ አንድ መስመር መታረም ያለበት ዕለት ነው ምንጩ የት እንዳለ የሚጠየቀው። ያን ጊዜ ምንጩ ካልተገኘ ቢሮው ተሠርቶ ያለቀ ልብስ እንደ ገዛው ሰው ነው፤ በጠበበው መጠን ታጥፎ ይኖራል፣ አለዚያም ሌላ ይገዛል። ስለዚህ ውል ሲጻፍ የፕሮግራሙ ምንጭ፣ የአሠራሩ መመሪያና የማሻሻል መብቱ አብረው እንዲሰጡ መጠየቅ ይገባል።

ምንጩን በሣጥን ቈልፎ ማስቀመጥም ብቻውን አይበቃም። ባሕር ኃይሉ የኩባንያዎቹን ቃል ሳያምን ኮምፓይለሮቹን በፈተና እንደ መረመረ፣ ቢሮውም ሻጩ ገና ሳይሄድ የራሱ ሠራተኛ ፕሮግራሙን በቢሮው ኮምፒዩተር ላይ ከምንጩ አንድ ጊዜ ሠርቶ ተክሎ እንዲያሳይ ማድረግ አለበት። ይህ ምናልባት የአንድ ቀን ሥራ ነው። የጐደለው ክፍል፣ የተረሳው መመሪያ፣ ያልተነገረው ቁልፍ የሚታወቀው በዚያ ቀን ነው፤ ክፍያው ተጠናቅቆ ሻጩ ከተለየ በኋላ ቢታወቅ ግን የሚጠየቅ ሰው አይገኝም።